የአራጋው ሌላ ሞት

ሐሙስ ገበያ ላይ ሥጋ ሻጩ ቃሲም ከድምፅ ዳሱ ወጣና ማንንም ሳያናግር ወደ ቅመም ተራ ሄዶ በርበሬ ነጋዴውን እንድሪስን አንገቱ ላይ በካራ ወጋው። ዳሱ ውስጥ የቆየው ለሞተው አያቱ ሰላምታ አቅርቦ አንድ ጥያቄ እስኪጠይቅ ብቻ ነበር። እንድሪስ በራሱ ጆንያ ላይ በደረቱ ወደቀ። ደሙ በርበሬው ውስጥ እየሰረገ ስለጠፋ መሞቱን ቶሎ ያወቀ አልነበረም። አጠገቡ ዝንጅብል የምትሸጠው ሴት ዕቃዋን ወደ ጥላው ሳብ አደረገች። የሰዉን ቃልና ድምፅ የሚሰበስቡት የቃል ቤት ሰዎች መጡ፤ በአካባቢው የቆምነውን ሁሉ ያየነውን ጠየቁን፣ ቀዱ፣ አመሰገኑ፣ ሄዱ። ገበያው አልተፈታም።

እኔ ሽንኩርት ፈልጌ ነበር የሄድኩት። ሳልገዛ ተመለስኩ። የልጅ ልጄ ሷልህ በዚያ ሰዓት የመስኖው መክፈቻ ጋ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ቢሆንም ዓይኔ ካላየው ልቤ አያምንም። ስደርስ ተንበርክኮ ብሎን እየፈታ ነበር።

«ምን ሆነሽ እማ? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለኝ።

«ምንም። ምሳህን በላህ?»

«ገና ረፋድ ነው እኮ።»

«ብላ። ስትመለስ ደግሞ በገበያው በኩል አትምጣ፤ በጀርባ ዙር።»

ሳቀብኝ። እናትና አባቱን በአንድ ክረምት ወባ ወስዶብኝ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ቢስቅብኝ አይከፋኝም። የሚከፋኝ እሺ ብሎኝ በፈለገው መንገድ መምጣቱ ነው።

እኛ ከተማ፣ ጎላ ሜዳ፣ ሰው ከሞተም በኋላ ይጠየቃል። ልጆች ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በዳሱ በኩል አልፈው ቅድመ አያቶቻቸውን «እንዴት አደራችሁ» ይላሉ፤ ሟቾቹም በየስማቸው እየጠሩ ይመርቋቸዋል። ልጅ ሊያጭ የመጣ ሰው ሰባት ቤት የሚያስቆጥረው ከሟች አፍ ነው። ድንበር የተጣላ ሟች አቁሞ ይሟገታል። የኛ የሽማግሌዎቹ ቤት ደግሞ መቃኑ ላይ ጆሮ ተሰቅሎበታል። ጆሮ የምንለው እኛ ነን፤ የቃል ቤት ሰዎች በሌላ ስም ይጠሩታል። የምናወራውን፣ የምናንጎራጉረውን፣ በእንቅልፍ ልባችን የምንቃዠውን ይይዛል። ስንሞት ያ ሁሉ ተቀምሞ ድምፃችን ዳስ ይገባል። ይህን በእጄ የምጽፈው ወረቀት ጆሮ ስለሌለው ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ከቃል ቤት ጠያቂ ይመጣል። የኛ ሰፈር ጠያቂ ሶስና ትባላለች። ከተማ ያደገች፣ የሰውን ባህልና ወግ የተማረች ጨዋ ልጅ ናት። ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። «እማማ ዘሃራ፣ ዛሬ ስለ ልቅሶ ያጫውቱኝ» ትለኛለች፤ ወይም ስለ ሠርግ፣ ወይም ስለ ድርቅ። ሳወራ ዓይኗ እንባ ያቀርራል። እወዳት ነበር፣ ዛሬም አልጠላትም። ግን ከከተማችን ከሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ የሞቱት በሷ የተነሣ ነው፤ እሷም ይህን የምታውቅ አይመስለኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ አገር ሰው ሰውን ሲገድል ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ቤተሰቡን ከቤተሰቡ ያገናኛሉ። የገዳይ ሚስት የሟችን ሕፃን ታጠባለች፣ ገዳዩም የሟችን መሬት ያርሳል። ከሁሉም በኋላ ሽማግሌዎቹ ለሟቹ ሌላ ሞት ይሰጡታል። ጎርፍ ወሰደው፣ ወይም ከገደል ወደቀ፣ ወይም መብረቅ መታው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቱም፣ ሚስቱም፣ ገዳዩም የሚሉት ያንን ነው። ልጅ ሲጠይቅ የሚነገረው ያ ነው። ይህን ውሸት ብሎ የጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም። አጥር ነው። አጥርን ውሸት ነህ የሚለው ማን ነው?

ሶስና የነገርናትን ሁሉ ወሰደች። ቃል ቤት ደግሞ ጎርፍ ወሰዳቸው የተባሉትን ከድሮ የዝናብ መረጃ ጋር አስተያየ። ጠብታ ባልወረደበት ወር በጎርፍ የሄዱ ሰዎች በዙ። መብረቅ መታቸው የተባሉት መቃብር ሲከፈት የራስ ቅላቸው የተፈለጠ ሆኖ ተገኘ። ሶስና ይህን ስትነግረኝ ደስ ብሏት ነበር።

«እማማ፣ እውነተኛው ታሪክ ሊወጣ ነው» አለችኝ።

«ወጥቶስ የት ይሄዳል?» አልኳት።

ሳቀች። የቀለድኩ መሰላት።

የወጣው ታሪክ የሄደው ወደ ቢላ ነው። ሕጋቸው ሦስት ድምፅ ይላል፤ በሕይወት ካለም ከሞተም፣ ሦስት ድምፅ ከተስማማ የሟቹ ቃል ይታረማል። ከዚያ በኋላ የልጅ ልጁ ሄዶ «አያቴ፣ እንዴት ሞቱ?» ሲለው ገዳዩን በስም ይነግረዋል። የመጀመሪያው ቃል የታረመ ዕለት ማታ ባሕር ዛፉ ሥር አንድ አስተማሪ ታርዶ ተገኘ። በሳምንቱ የአስተማሪው ወንድም አባትና ልጅን በተኙበት አቃጠለ። ማሽላው ሳይታጨድ የወንዶች መቃብር ከመስጊዱ አጥር አለፈ። ፖሊስ መጥቶ ነበር። ቃሉ ካልተረጋገጠ መነሻ የለንም አሉ፤ ከተረጋገጠ በኋላ ደግሞ የሁለት ቤተሰብ ጉዳይ ነው አሉ። ወጣቶቹ ስለ ሟቾቹ የሚያወሩት ስለ ውርጭ እንደሚያወራ ገበሬ ነው። «የማን ቃል ታረመ ዛሬ?» ይባባላሉ፣ ከዚያ የትኛውን መንገድ እንደሚሄዱ ይመርጣሉ።

እኔ የምፈራው የአራጋውን ቃል ነበር።

አራጋው የጎረቤቴ የመሬማ ባል ነው። ገና ሙሽራ ሳለሁ የኔ ባል ይመር በውሃ ተራ ተጣልቶ በአካፋ ገደለው። ሽማግሌዎቹ ደሙን አደረቁት፤ ጎርፍ ወሰደው ተባለ። የመሬማን ሕፃን ልጅ እኔ አጠባሁት፤ የኔ ልጅ ከዚያው ጡት ሲጠባ አድጓል። ይመር እስኪሞት ድረስ የመሬማን መሬት ከራሱ አስቀድሞ አረሰ። እኔና መሬማ ዕድሜያችንን የጨረስነው በአንድ ግድግዳ ተጎራብተን ነው። የጡት ልጄ ልጅ፣ የመሬማ የልጅ ልጅ፣ አህመዲን ይባላል። እጄ ላይ ነው ያደገው፤ ከሷልህ ጋር በአንድ ትሪ በልቷል።

አራጋው ዳስ ሳይኖር የሞተ ሰው ስለሆነ ድምፁን የሠሩለት ከወንድሞቹ ድምፅና ከመሬማ ትውስታ ነው። መጀመሪያ ሰምታው ስትመለስ፣ «እንዲህ ጨዋ መች ነበረ» አለችኝ። አህመዲን በጠየቀው ቁጥር «ጎርፍ ወሰደኝ፣ ልጄ» ይለው ነበር። እንድሪስ በተገደለ በሳምንቱ አህመዲን ሲጠይቀው የመለሰለት ሌላ ነው።

«ቃሌ በመታረም ላይ ነው። በትዕግሥት ይጠብቁ።»

ሁለት ድምፅ ተገኝቶ ነበር። አንደኛው የአያ ሙሄ ነው፤ የመጨረሻው ደም አድራቂ። አያ ሙሄ በሕይወት ሳለ የቤቱን ጆሮ በጋቢ ጠቅልሎ ነው የኖረው፤ አንዲት ቃል አልሰጣቸውም። ሲሞት ከሰሚ ሰሚ ለቃቅመው ድምፅ ሠሩለት፣ የሠሩለትም ድምፅ ላለመናገር የማለበትን ተናገረ። ሁለተኛው በስካር የዘባረቀ የአያ ሙሄ የአክስት ልጅ ነው። ሁለቱም «ይመር» ብለዋል። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር የቀረው።

አህመዲን ቤቴ መምጣት አቆመ። መንገድ ላይ ሳገኘው አንገቱን ይደፋል። የአጎቱ ልጆች ግን ሦስተኛውን ድምፅ አልጠበቁም። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ፣ ሷልህን መክፈቻው ጋ ሲሠራ አገኙት። ገጀራው አንገቱን ሲፈልግ እጁን አቀረበለት። በባጃጅ ሲያመጡት እጁ በሸሚዙ ተጠቅልሎ ነበር፤ ፈትቼ ሳየው የግራ እጁ ትንሹና ተከታዩ ጣት የሉም። ሐኪሙ እየሰፋው እኔ ጣቶቹን ፍለጋ ተመልሼ ሄድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሜዳ ላይ መተዋቸው አልሆንልህ አለኝ። ቦዩ ወስዷቸዋል። ውሃው ለሰው ማሽላ ተለቆ ነበር።

ማታ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። የሰጠሁትን አጥሚት አልጠጣም።

«ሦስተኛው ድምፅ ሳይወጣ ልቅደመው» አለ።

«ማንን?»

«አህመዲንን ነዋ። እሱ ከሞተ ሌላ ወንድ የላቸውም፤ የአጎቱ ልጆች በሱ ስም ነው የሚደፍሩት።»

«አብሮህ የበላ ነው።»

«ጣቴን ለቦይ ሲያበሉስ የት ነበር?»

መቃኑ ላይ ያለው ጆሮ እየሰማ ስለሆነ አፉን በእጄ ያዝኩት። ጧት ፍራሹን ሳነጥፍ ከሥሩ ካራ አገኘሁ። ደብቄበት ሄድኩ፤ ስመለስ ሌላ አምጥቷል።

በዚያች ጧት ነው መሬማን ማሽላ አሸክሜ ወፍጮ ቤት የወሰድኳት። ወፍጮ ቤት ጆሮ አይሰቀልም፤ ቢሰቀልም ከጩኸቱ በቀር የሚሰማው የለም። አፌን ጆሮዋ ላይ አድርጌ ነገርኳት።

«ገዳይዋ እኔ ነኝ እላለሁ።»

ራቅ ብላ አየችኝና ተመልሳ ትከሻዬን ያዘች። «አንቺ? ዶሮ ሲታረድ ጓዳ የምትገቢው?»

«ሴት ከገደለች ደም አይመለስም። ይህንንማ ልጆቹም ያውቃሉ።»

«ምን ያውቃሉ እነሱ። ዳሱን ሳይጠይቁ ሱሪያቸውን አይታጠቁም። ‹ሴትዮዋን ካልነካችሁ ልጇን› የሚል አንድ ሞላጫ ሽማግሌ እዚያ ውስጥ አይጠፋም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ስፈራ ስፈራ ኖሬ የሚያስፈራውን ነገር ሳልፈራው መቅረቴ አናደደኝ። መሬማ እህሏን አፍስሳ ተመለሰች።

«ልማድ እንሥራላት» አለች።

«ለማን?»

«ለሴት ገዳይ። የሟች ሚስት ሕዝብ ፊት በዘነዘና ትመታታለች። ትከሻዋን። ደም ከታየ ደሙ ደረቀ። ከዚያ ወዲያ የሴትዮዋን ዘር የነካ የተረገመ ነው፣ ዘሩ አይባረክም።»

«እንዲህ ያለ ነገር መቼ ነበረ?»

«ከነገ ወዲያ። ነገ ሶስና እኔ ዘንድ ናት፣ በማግሥቱ አንቺ ዘንድ። አሮጊቷን ፋጡማን ደግሞ እኔ አስጠናታለሁ። አንቺ መታሽው የሚለውንም እንደዚሁ። ሦስት ያዩ ሰዎች ሁለት የሰሙትን ይበልጣሉ፣ ራሷ ሶስና ናት የነገረችኝ።»

«ፋጡማ ትረሳዋለች።»

«የዛሬን ነው የምትረሳው። የድሮ ነው ካልኳት አትረሳም።»

ሳቅኩ። በዚያ ሰሞን የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ጠየቅኳት፤ «አንቺስ? ባልሽ ነው። በውሸት ላይ ውሸት ስትጭኚበት አይከብድሽም?»

«አራጋውን አንዴ ቀብሬዋለሁ» አለች። «አህመዲን ገዳይ ሆኖ በማግሥቱ እንደ በግ ሲጎተት አላይም። አራጋው ሟች ነው፣ ውሸቱን ይችለዋል፤ ደግሞ አሁን ጨዋ አድርገውታል።»

«ስትመቺኝ…»

«ቀስ አድርጌ ነው የምመታሽ።»

«ቀስ ካደረግሽ አህመዲን ያምንሻል?»

ዱቄት የነካውን እጇን ቀሚሷ ላይ ስትጠርግ ቆየች።

ሶስና እኔ ዘንድ ስትመጣ ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። መሬማ የነገረቻት አላስተኛትም። «እማማ፣ ይህን የዘነዘና ልማድ በዚህ ሁሉ ዓመት አልነገሩኝም እኮ» አለችኝ።

«መች ጠየቅሽኝ?»

«ሌላ ቦታ የተመዘገበ የለም። አንድም ቦታ።»

«እዚህ ነዋ የነበረው» አልኳት። ነገርኳት። መሬማ እንዳለችው፣ ትከሻን፣ ሕዝብ ፊት፣ ደም እስኪታይ። ከዚያ ውሃ ጠጣሁና ዋናውን ነገር ጀመርኩ። አራጋውን የመታሁት እኔ ነኝ አልኩ። የጻፈችውን ትታ ቀና አለች።

«በምን መቱት?»

«በአካፋ።»

«የት ጋ?»

«ከጆሮው በላይ። በግራ።»

«ማን አየ?»

«መሬማ አይታለች። ፋጡማ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር፣ አይታለች።»

እጄን አየችው። ጅማት ብቻ የቀረ እጅ ነው። «በዚህ እጅ?» አለች፣ ቀስ ብላ።

«ያኔ ሌላ እጅ ነበር።»

አወቀችብኝ ብዬ ፈራሁ። እንባ ቢወጣኝ ይረዳኝ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። ሶስና ግን የራሷ እንባ መጣባት፤ ተነሥታ ግንባሬን ሳመች። «ይህን ሁሉ ዓመት ብቻዎን ተሸክመውት» አለችኝ። ስትወጣ ጫማዋን እንኳ በትክክል አላጠለቀችም፣ ወደ ፋጡማ ቤት እየተጣደፈች።

ሷልህ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበር። አልነገርኩትም። በምን አፌ፣ በየትኛው ቤት ውስጥ?

ሐሙስ ዕለት ጧት ቃሉ መታረሙን ድፍን ገበያ ሰምቶ ነበር፤ ማን እንደተባለ ግን ገና አልታወቀም። አህመዲን ከአጎቱ ልጆች ጋር ዳሱ ፊት ቆሟል። ጎራዴ የሚያክል ቢላ በወገቡ ነው። ሷልህ በአህያ መቆሚያው በኩል መጣ፤ ደህናው እጁ ጃኬቱ ውስጥ ነው። ሁለቱም ተያዩ። ሰዎች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ መሐሉን ለቀቁላቸው። እኔ መሐል ላይ ቆምኩ። መሬማ የባሕር ዛፍ ዘነዘናዋን ተደግፋ ከኋላዬ ነበረች፤ ያየ ሰው ምርኩዝ ይለዋል።

አህመዲን ዳሱን ጠየቀ። የአራጋው ጨዋ ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ።

«ቃሌ ታርሟል። የመታችኝ ዘሃራ ናት፣ የይመር ሚስት። በአካፋ፣ ከግራ ጆሮዬ በላይ። ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ።»

አህመዲን ዞረ። «እማ ዘሃራ?» አለኝ። አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ የሚጠራኝ እንደዚያ ነው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሷልህን አላየሁትም። ማየት አልቻልኩም።

ከአጎቱ ልጆች አንዱ፣ «ሴት ናት፣ ምን ታደርጋታለህ? ወንዱ እዚያ ቆሟል አይደል?» አለና ወደ ሷልህ ተራመደ። ሷልህ ካራውን አወጣ። የፈራሁት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ሊሆን ነበር። መሬማ ጮክ ብላ፣ «መጀመሪያ ጠይቁ እንጂ! ልማዱን ጠይቁ! ያለ ልማድ ነው እንዴ የምታርዱት?» አለች። ያቆማቸው የሷ ጩኸት አይደለም። መጠየቅ ልማዳቸው ስለሆነ ነው የቆሙት።

አህመዲን ጠየቀ። ሴት ወንድ ከገደለች ምን ይደረጋል አለ። ዳሱ መሬማ ለሶስና በተናገረችበት በራሷ ድምፅ መለሰ፤ አጠገቤ ቆማ የራሷን ድምፅ ስትሰማ እጇ ዘነዘናው ላይ ጠበቀ። ቀጥሎ የኔ ድምፅ መጣ። ትከሻ፣ ሕዝብ ፊት፣ ደም፣ እርግማን። አየር ወደ ሳንባዬ ተመለሰ። ከዚያ የፋጡማ ድምፅ ቀጠለ፤ በሕይወት ያለችው ፋጡማ ቤቷ ተኝታ ነው። ያስጠኗትን ሁሉ በትክክል አለችው። ሲያበቃ ግን የራሷን ጨመረች።

«ትከሻውማ መጀመሪያ ነው። ደም ካልወጣ ራስ ላይ ነው የሚመታው። እናቴ አይታለች።»

ዳሱ፣ «ሦስቱ ድምፆች ተስማምተዋል» አለ።

እኔና መሬማ ተያየን። ፋጡማ ይህን ከየት እንዳመጣችው ዛሬም አላውቅም። ምናልባት እውነት አይታለች እናቷ።

ሻሼን ፈታሁ። ተንበረከክሁ፤ ድንጋዩ ጉልበቴን ወጋኝ። ሁለት ሰዎች ሷልህን በግራና በቀኝ ይዘውት ነበር። «ተዉኝ! አሮጊት ናት! እኔን ምቱኝ!» ይላል። አንዱ የያዘው፣ «አርፈህ ቁም፣ ትረገማለህ» አለው፣ ምንም ሳይቆጣ።

መሬማ ዘነዘናውን ስታነሣ ትንፋሿን ሰማሁት። የመጀመሪያው ትከሻዬ ላይ ወረደ። አጥንቱ ሲሰበር እንደ ደረቅ ቆሎ ድምፅ አሰማ፤ ክንዴ ከሌላ ሰው የተዋስኩት ይመስል ተንጠለጠለ። መሬማ በሙሉ ኃይሏ ነው የመታችኝ፤ እዚያው እንዲያልቅ ነው። ቆዳዬ ግን አልተቀደደም።

ሰዎች ለማየት ተጠጉ።

«ደም አላየሁም» አለ አህመዲን። ድምፁ የልጅ ነበር።

መሬማ ጎንበስ አለችና ጆሮዬ ላይ፣ «ጥርስሽን ንከሽ፣ እታለም» አለችኝ።

«በርቺ» አልኳት።

ሁለተኛውን አልሰማሁትም። ዓይኔ ውስጥ ነጭ ነገር ሞላ፣ ከዚያ ሞቀኝ። ደሙ ከግንባሬ በዓይኔ ላይ ወርዶ አፌ ገባ። በአንድ ዓይኔ ሳይ መሬማ ዘነዘናውን ጥላ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አፏን በነጠላዋ አፍናለች። አህመዲን ቢላውን ከወገቡ አውጥቶ ዳሱ ፊት አስቀመጠው። የአጎቱ ልጆች እርስ በርስ ተያዩ። ትልቅዬው፣ «ይኸው ነው?» አለ። «ይኸው ነው። የነካት የተረገመ ነው ተብሏል» አለው አህመዲን። ሰውዬው ገጀራውን ወደ ሰገባው መለሰ፤ ትንሽ ቆይቶ ሽንኩርት ተራ ሲያማርጥ አየሁት።

የቃል ቤት ሰዎች መጡ። ከቆሙት ሰዎች ያዩትን ጠየቁ። ሶስና አብራቸው ነበረች፤ ልትነካኝ እጇን ዘርግታ መለሰችው። «እማማ፣ ስትመታዎት ምን አለችዎት? አልተሰማም» አለችኝ።

«ስድብ ነው» አልኳት።

ሷልህ ሲለቁት መጣ። ካራውን የት እንደጣለው አላየሁም። ያነሣኛል ወይ ጥሎኝ ይሄዳል ብዬ ፊቱን ፈለግሁ፤ ደሙ አላሳይህ አለኝ። ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ትንሽ ሳለ እኔ ስሰጠው እንደነበረው። በደህናው ክንዴ አንገቱን ያዝኩ። ጣት በጎደለው እጁ እግሬን ሲይዝ ፋሻው ሻከረኝ።

በጀርባ መንገድ ዞረ። በቦዩ ዳር አለፍን። ጀርባው ከሥሬ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ቢጠላኝ ይጥላኝ፣ እየተነፈሰ ይጥላኝ። ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ በሩን በእግሩ ገፋው፤ መቃኑ ሥር ቆመ።

«ለምን ገደልሽው?» አለኝ።

ጆሮው ከራሴ በላይ ነበር። መሬማ በግድግዳው ማዶ ቤቷ ገብታ እንደሆነ አላውቅም። ስለ ምክንያቱ በወፍጮ ቤት አልተነጋገርንም፤ ያልተስማማንበት ያ ብቻ ነበር። የምለው ነገር ከዛሬ ጀምሮ ተቀድቶ የሚቀር ነው፤ እኔ ስሞት በራሴ ድምፅ ለልጁ፣ ለልጅ ልጁ የሚነገር ነው። ስለዚህ ጥሩ አድርጌ መናገር ነበረብኝ፤ ሌላ ሰው የማይነካበት፣ ሌላ ስም የማይጠራበት።

«አስቀምጠኝና ውሃ ስጠኝ» አልኩት። «እነግርሃለሁ።»

አስቀመጠኝ። ውሃውን ይዞ መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። ዓይኑን ከኔ አልነቀለም፤ ተረት ሳወራለት እንደዚያ ነበር የሚያየኝ።

«ልጅ ነበርኩ ያኔ» ብዬ ጀመርኩለት።